አክተሩ የሞተበት ፊልም፦ ጥይትና ሰይጣን የተገናኙበት ሲኒማ

መሐል ሜዳ ብርዱ እንደ ልማዱ ነው፤ ባና ያለው ባናውን፣ ጋቢ ያለው ጋቢውን ደርቦ ይውላል።

ሰሞኑን በቴሌግራም ከስልክ ስልክ የምትዞር አጭር ቪዲዮ አለች። አንድ ሽማግሌ ቄስ 666 ቁጥር ሲገለበጥ 999 እንደሚሆን፣ ይህም 1999 ዓመትን እንደሚያመለክት ሲያስረዳ ይታያል። ከሥሯ «ትንቢቱ እየተፈጸመ ነው፣ ሼር አድርጉ» የሚል ጽሑፍ ተለጥፎባታል። አንድ ተከታታያችን እናቱ ቪዲዮዋን ካዩ ወዲህ እንቅልፍ እንዳጡ ነግሮን «እውነት ይሄ ነገር መጽሐፍ ላይ አለ?» ሲል ጠየቀን።

የለም። «ቄሱ» ሮድ ስታይገር የሚባል አሜሪካዊ ተዋናይ ነው። ቪዲዮዋም «ኤንድ ኦፍ ዴይስ» ከተባለው የአርኖልድ ሽዋዚንገር ፊልም ላይ የተቆረጠች ናት፤ ርዕሱ ወደ እኛ ቋንቋ ሲመለስ «የዘመን ፍጻሜ» እንደ ማለት ነው። ለእናትየው ይህንኑ ንገርልን ብለነዋል። ግን ነገሩን ከጀመርነው አይቀር ስለ ፊልሙና ስለ ዘመዶቹ፣ ማለትም ተኩስና ድብድብን ከሰይጣንና ከዓለም ፍጻሜ ታሪክ ጋር ስለሚቀይጡት ፊልሞች፣ የምናውቀውን ሰብሰብ አድርገን ብንጽፍ ለሌላውም ይጠቅማል አልን።

በቪዲዮ ቤት ያደገ ሰው አንድ ሕግ ያውቃል፦ አክተር አይሞትም። «አክተሩ» ስንል ዋናውን ጀግና ማለታችን ነው፤ ሌሎቹም ተዋንያን መሆናቸውን ያኔ ማን አስቦት! በር ላይ በጠመኔ «ዛሬ አርኖልድ» ተብሎ ከተጻፈ የፊልሙን ርዕስ የሚጠይቅ አልነበረም። አግዳሚው ላይ ተጣበን እንቀመጣለን፣ ከፊት አንዱ እንግሊዝኛ አውቃለሁ ባይ እየተረጎመ (ግማሹን ከራሱ እየጨመረ) ያሳየናል። እ.ኤ.አ. በ1985 የተሠራውን «ኮማንዶ»ን ያየ ልጅ፣ ያ ሰውዬ ብቻውን አንድ ጦር ሰፈር ሙሉ ሰው ሲፈጅ ያየ ልጅ፣ አርኖልድ ይሞታል ብትሉት ይስቅባችኋል።

ቤተሰብ ታዲያ ቪዲዮ ቤት መግባታችንን አይወድም ነበር። «የሰይጣን ቤት ውለህ መጣህ?» ይሉናል። ስድቡ የእነሱ ፈጠራ እንዳይመስላችሁ። በሃያኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ አዲስ አበባ ላይ ተንቀሳቃሽ ሥዕል የሚያሳይ ቤት ሲከፈት የከተማው ሰው ያወጣለት ስም «ሰይጣን ቤት» ነው። የሞተ ሰው ተመልሶ ግድግዳ ላይ የሚራመድበት፣ ፈረስ ያለ ኮቴ ድምፅ የሚጋልብበት ጨለማ ክፍል ሌላ ምን ይባላል? ቴዎድሮስ አደባባይ አካባቢ ስሙ እስከ ዛሬ ይነሳል። እንግዲህ ሰይጣንና ሲኒማ እኛ ሀገር የተዋወቁት ሆሊውድ ሳያገናኛቸው ነው።

ወደ ፊልሙ እንመለስ። «ኤንድ ኦፍ ዴይስ» አሜሪካ ውስጥ ለሕዝብ የቀረበው ኖቬምበር 24 ቀን 1999 ነው። በእኛ ኅዳር 14 ቀን 1992 ይሆናል፤ ከኅዳር ሚካኤል ሁለት ቀን በኋላ ማለት ነው። ይቺን ቀን ያዙልን፣ ወደ ሚካኤል እንመለሳለን። ዳይሬክተሩ ፒተር ሃያምስ፣ ጸሐፊው አንድሪው ማርሎ ናቸው። የወጣበት ገንዘብ ወደ 100 ሚሊዮን ዶላር ነው፤ በዓለም ዙሪያ ከ200 ሚሊዮን በላይ አስገብቷል። አርኖልድ በ1997 የልብ ቀዶ ሕክምና አድርጎ ሁለት ዓመት ያህል ከፊልም ርቆ ስለነበር ይህ የተመለሰበት ሥራው ነው።

ታሪኩ እ.ኤ.አ. ከ1979 ይነሳል። ሮም ውስጥ አንድ ካህን በጨረቃ ላይ ቅስት ሠርቶ የሚያልፍ ጅራታም ኮከብ ያያል፤ በዚያች ሌሊት ሰይጣን ለሚስትነት የሚፈልጋት ሕፃን ተወልዳለች። ከሃያ ዓመት በኋላ ሰይጣን ኒውዮርክ ይመጣና የአንድ ባለ ባንክ ሥጋ ይለብሳል። ልጅቱን የዘመን መለወጫ ዋዜማ ከእኩለ ሌሊት በፊት ባለችው አንድ ሰዓት ውስጥ ካገኛት የዓለም ፍጻሜ ይሆናል። አርኖልድ ጄሪኮ ኬን የሚባል ሰው ሆኖ ይተውናል፤ የቀድሞ ፖሊስ፣ ሚስቱና ልጁ የተገደሉበት፣ ጠጪ፣ ጠዋት ሲነሳ ሽጉጡን ራሱ ላይ የሚደግን። ልብ አድርጉ፣ ይሄ የ«ኮማንዶ»ው አርኖልድ አይደለም። ገና ሲጀመር የተሸነፈ ሰው ነው።

በነገራችን ላይ የልጅቱ ስም የተገኘበት መንገድ ያስቃል። አንድ ሰው ሥጋው ላይ «ክርስቶስ በኒውዮርክ» የሚል ትርጉም ያለው የእንግሊዝኛ ጽሑፍ ተጭሮበት ይገኛል፤ ሲፈታ «ክሪስቲን ዮርክ» ሆኖ ይወጣል። እንቆቅልሹ የሚሠራው በእንግሊዝኛ ድምፅ ብቻ ስለሆነ የኛ አስተርጓሚ እዚህ ጋ ሲደርስ ዝም ብሎ አለፈው።

እናትየውን ወዳስጨነቀው ቁጥር እንምጣ። 666 በራእየ ዮሐንስ ምዕራፍ 13 ቁጥር 18 ላይ የአውሬው ቁጥር ተብሎ ተጽፏል፤ ይህ እውነት ነው። ገልብጡት የሚል ግን የትም ቦታ የለም። ሊኖርም አይችልም። መጽሐፉ የተጻፈው በግሪክኛ ነው፤ በዚያ ዘመን ይሄ 6 የምንለው የቁጥር ቅርጽ አልነበረም። በግእዝ ደግሞ ፮፻፷፮ ተብሎ ይጻፋል። ወረቀቱን ገልብጣችሁ ሞክሩት፤ ፱፻፺፱ ከወጣላችሁ ንገሩን። ደግሞ ግብፅ ውስጥ ከተገኙት ጥንታዊ የፓፒረስ ቁራጮች በአንዱ ላይ ቁጥሩ 616 ተብሎ ተጽፏል፤ ሊቃውንት እስከ ዛሬ ይነጋገሩበታል።

ሰይጣን ሺህ ዓመት ታስሮ ይፈታል የሚለውን ፊልሙ የወሰደው ከዚያው ከራእይ ምዕራፍ 20 ነው። ሰይጣን ሚስት ያገባል፣ አንድ ሰዓት ብቻ ተሰጥቶታል የሚለው ግን የፊልም ጸሐፊ ፈጠራ ነው። የቀን አቆጣጠሩማ አይነሳ። በፈረንጅ የ1999 መጨረሻ ቀን በእኛ ታኅሣሥ 21 ቀን 1992 ነበር፤ ወርኃዊ የማርያም በዓል፣ ሰዉ የገና ጾም ላይ። ኒውዮርክ ከእኩለ ሌሊት በፊት ያለችው ያቺ የመጨረሻ ሰዓት እዚህ መሐል ሜዳ ከጠዋቱ አንድ እስከ ሁለት ሰዓት ናት፤ ያውም ቅዳሜ ታኅሣሥ 22። ያኔ እኛ ከብት እያወጣን ነበር። የኛ 2000 የገባው ከዚያ ስምንት ዓመት ግድም ቆይቶ ነው፤ ያኔም በየከተማው የተጨፈረውን ታስታውሳላችሁ።

ይልቅ እኛ የራሳችን የፍጻሜ ቁጥር አለን። አረጋውያን አንድ የከፋ ነገር ሲሰሙ «ስምንተኛው ሺህ» ይሉ የለም? በዓመተ ዓለም ስሌት ከክርስቶስ ልደት በፊት 5500 ዓመት ይቆጠራል። ስለዚህ ሰባተኛው ሺህ የተፈጸመው በእኛ 1500 ዓ.ም. ነው፤ አፄ ልብነ ድንግል በነገሡበት ዘመን ግድም መሆኑ ነው። ብዙ ሳይቆይ የግራኝ አሕመድ ጦርነት ስለመጣ የያኔው ሰው «ደረሰ» ቢል አይፈረድበትም። ስምንተኛው ሺህ ከገባ አምስት መቶ ዓመት አልፎታል፤ ሰዉ አሁንም ያርሳል፣ አሁንም ይድራል። «ፍካሬ ኢየሱስ» የሚባለውም መጽሐፍ ስለ ኋለኛው ዘመን መከራና ከዚያ በኋላ ስለሚነሣ ቴዎድሮስ ስለሚባል ንጉሥ ይናገራል። ደጃዝማች ካሣ በ1847 ሲነግሡ ቴዎድሮስ የሚለውን ስም የመረጡት ያለ ነገር አልነበረም። የፍጻሜ ታሪክ እኛ ዘንድ ዙፋን ያወጣ ነገር ነው። ሆሊውድ ቲኬት ሸጠበት።

አሁን ወደ ዘውጉ። ሁለት ወንዞች ናቸው የተገናኙት። አንደኛው የሰይጣን አስፈሪ ፊልም ነው፦ «ሮዝሜሪስ ቤቢ» በ1968፣ «ዚ ኤግዞርሲስት» በ1973፣ «ዚ ኦመን» በ1976 (ሁሉም እ.ኤ.አ.)። በእነዚህ ውስጥ ሰው አቅመ ቢስ ነው። «ኦመን» ላይ አባትየው ልጁ ማን እንደሆነ አውቆ ሊያጠፋው ሲል ራሱ በፖሊስ ጥይት ይሞታል፤ ሰይጣን ያሸንፋል። ሌላኛው ወንዝ የሰማንያዎቹ የተኩስ ፊልም ነው፤ እዚያ ውስጥ ደግሞ በቂ ጥይት ያለው ሰው የማይፈታው ችግር የለም። ሁለቱን ስትቀላቅላቸው አንድ ከባድ ጥያቄ ይወለዳል፦ ጥይት ሰይጣንን ምን ያደርገዋል?

በኛ ግምት እነዚህን ፊልሞች ከፍ ወይም ዝቅ የሚያደርጋቸው ለዚህች ጥያቄ የሚሰጡት መልስ ነው። የሰይጣኑ ቀንድና የፍንዳታው ብዛት ይቆየን።

ቀላሉን መልስ የሰጠው ቸክ ኖሪስ ነው። በ1994 ወንድሙ አሮን ኖሪስ ባዘጋጀው «ሄልባውንድ» ላይ የቺካጎ ፖሊስ ሆኖ በመስቀል ጦርነት ዘመን ታስሮ የነበረ ጋኔን ይገጥማል። ጋኔኑ ሥጋ አለው፣ ይመታል፣ ይወድቃል። ያው እንደ ሁልጊዜው እግር ጭንቅላት ላይ! ቪዲዮ ቤት ውስጥ ያስጨበጭባል፣ ማታ ተኝተህ ግን አንድም ነገር አይመጣብህም።

በ2010 የወጣው «ሌጅን» ከዚህ የባሰ ነው። ቅዱስ ሚካኤል ክንፉን ቆርጦ፣ መትረየስ ታጥቆ፣ በረሃ ውስጥ ባለ ምግብ ቤት ሆኖ ይተኩሳል። በማን ላይ? የሰውን ልጅ እንዲያጠፉ እግዚአብሔር በላካቸው መላእክት ላይ! ስለ ኪነ ጥበብ ነፃነት ክርክር መግጠም አንፈልግም፤ ግን ሚካኤልን የፈጣሪውን ትእዛዝ እምቢ ያለ አድርጎ መሣል፣ እምቢ ባለው በሳጥናኤል ፋንታ የተሾመ ነው ብሎ ላደገ ሰው፣ ታሪኩን ራሱን በራሱ እንዲገለብጥ ማድረግ ነው። የማያምንም ቢሆን ይሄ የሴራ ድክመት መሆኑ አይጠፋውም።

«ኮንስታንቲን» (2005) ብልጥ ነው። ኪያኑ ሪቭስ በመስቀል ቅርጽ የተሠራ ጠመንጃ ይዞ አጋንንትን ይለቅማል፤ መሣሪያው ተባርኮ ተቀድሶ ስለሆነ ይሠራል። ግን ጀግናው በሲጋራ የተነሳ የሳንባ ካንሰር ይዞት እየሞተ ነው፣ ሲሞትም ሲኦል እንደሚገባ ያውቃል። በመጨረሻ ነጭ ሱፍ የለበሰው ሉሲፈር ራሱ ሊወስደው ሲመጣ ጠመንጃው ምንም አያደርግለትም። የሚያድነው፣ ለራሱ ዕድሜ ከመለመን ይልቅ የሌላ ሴት ነፍስ ከሲኦል እንድትወጣ መጠየቁ ነው። ሰይጣን ሊጎትተው ሲል አልጎተት ይላል። ከነዚህ ፊልሞች ሁሉ አንዱን ብቻ እዩ ብትባሉ ይህን እዩ።

«ኤንድ ኦፍ ዴይስ» ከ«ኮንስታንቲን» ስድስት ዓመት ቀድሞ ወደዚያው መልስ ደርሶ ነበር፣ ምንም እንኳ መንገዱ ቢያንገዳግደውም። መሐሉ ላይ የባቡር ፍንዳታ አለ፣ ከሄሊኮፕተር መንጠልጠል አለ፣ የሚያሰለችም አለ። ግን አንድ ትዕይንት አለ፣ ለሱ ሲባል ፊልሙን እንወደዋለን። ሰይጣን ጄሪኮ ቤት ይመጣና ቁጭ ብሎ ያነጋግረዋል። አይጮህም፣ አያስፈራራም። የሞቱትን ሚስቱንና ልጁን አምጥቶ ያሳየዋል፣ «ልጅቱ ያለችበትን ንገረኝና ሁሉንም እመልስልሃለሁ» ይለዋል። በገዳመ ቆሮንቶስ ስለተደረገው ፈተና ሲነበብ የሰማ ሰው ይሄን አመጣጥ ያውቀዋል፤ የሰውየው ረሀብ ያለበት ቦታ ላይ ነው የሚመጣው። ሰይጣንን የሚጫወተው ጋብርኤል በርን ነው። ይህ ተዋናይ በዚያው በ1999 «ስቲግማታ» በሚባል ሌላ ፊልም ላይ ቄስ ሆኖ ተውኗል። በአንድ ዓመት ቄስም ሰይጣንም!

የተከበረ ሰው መስሎ መምጣቱም ለኛ እንግዳ አይደለም። በሰኔ 12 ስንክሳር የቅድስት አፎምያ ታሪክ አለ። ባሏ የሞተባት ሴት ናት፤ ሰይጣን መጀመሪያ መነኩሲት መስሎ መጥቶ «ምጽዋቱን ተዪ፣ ባል አግቢ» ይላታል። ሲያቅተው ራሱን ሚካኤልን መስሎ ይመጣል። እሷ ግን «መስቀልህ የታለ?» ትለዋለች። ሲያንቃት ጮኸች፣ እውነተኛው ሚካኤል ደረሰ። የሴራ አሠራር አስተማሪ ብንሆን ይህን ታሪክ በመጀመሪያው ቀን እናስተምር ነበር፤ ማስመሰል፣ ጥርጣሬ፣ አንዲት ምልክት፣ ከዚያ ግጥሚያ።

ድርጊቱም ቢሆን አለን። ፈረስ ላይ ሆኖ ዘንዶ የሚወጋውን ጊዮርጊስን፣ ዛፍ ላይ የወጣችውን ብሩታዊትን በየቤተ ክርስቲያኑ ግድግዳ አይተናቸው ነው ያደግነው። ቅዱስ ሱስንዮስ ደግሞ ሕፃናት የምትገድለዋን ውርዝልያን ልጁን ስትገድልበት በፈረስ አሳዶ በጦር የወጋ ነው። ይህ ታሪክ በብራና ክታብ ላይ እየተጻፈ፣ የክታቡ ርዝመት በባለቤቱ ቁመት እየተለካ፣ ሾተላይ ልጅ የነሳት እናት አንገቷ ላይ ታስረው ነበር። ለሷ ያ ታሪክ መዝናኛ አይደለም፤ የሚቀጥለው ልጅ ይተርፍልኝ ይሆን የሚል ጥያቄ ነው። ሱስንዮስ ጦሩን ከመወርወሩ በፊት ደግሞ ይጸልያል። ጦሩ ብቻውን እንደማይበቃ ታሪኩ ያውቃል።

ስለ ዓለም ፍጻሜ በኢትዮጵያ መሬት ላይ የተሠራ ፊልምም እንዳለ ሳንጠቅስ አንለፍ። «ክራምብስ» ይባላል፣ እ.ኤ.አ. በ2015 የወጣ፣ ዳይሬክተሩ ሚጌል ያንሶ የሚባል ስፔናዊ፣ ተዋንያኑ ዳንኤል ታደሰና ሰላም ተስፋዬ። ሰይጣን የለበትም፣ ተኩስም ብዙ አትጠብቁ፤ ዓለም ካለቀ በኋላ የቀሩ ሰዎች የፕላስቲክ አሻንጉሊት እንደ ቅርስ ሲይዙ ታያላችሁ። እንግዳ ነገር ነው፣ ግን የዳሎልን መሬት ለፍጻሜ ታሪክ የመረጠ ሰው ዓይን አለው።

አሁን የሚካኤልን ነገር እናንሳ። «ኤንድ ኦፍ ዴይስ» መጨረሻ ላይ ጄሪኮ ቤተ ክርስቲያን ገብቶ መሣሪያውን ይጥላል። ፊልሙን ሙሉ ሲተኩስበት የነበረውን ጠመንጃ ወርውሮ ብርታት ስጠኝ ብሎ ይጸልያል። ሰይጣኑ ሥጋውን ይለብሰውና በሱ እጅ ልጅቱን ይይዛታል። ጄሪኮ ለአንድ አፍታ ራሱን ሲያገኝ የወደቀ የቅዱስ ሚካኤል ሐውልት ያያል፣ የሐውልቱ ሰይፍ ወደ ላይ ቀጥ ብሏል። ሰይፉ ላይ ራሱን ይጥላል። «ኤግዞርሲስት» ላይ ካህኑ ጋኔኑን ወደ ራሱ ጠርቶ በመስኮት የወደቀበትን ያየ ሰው ከየት እንደተወሰደ ያውቃል። ቢሆንም የኅዳር ሚካኤልን ጸበል ጠጥቶ ላደገ የመንዝ ልጅ ያ ሰይፍ የራሱ ታሪክ ነው።

(ወላጆች፣ ፊልሙ አሜሪካ ውስጥ ከ17 ዓመት በታች ያለ ልጅ ብቻውን እንዳያይ የተመደበ ነው። የደምና የዝሙት ትዕይንት ስላለው ስልካችሁን ለልጅ ከመስጠታችሁ በፊት ልብ በሉ።)

ያኔ ካሴቱ ከደብረ ብርሃን በአውቶቡስ መጥቶ ቪዲዮ ቤቱ ሞልቶ ስናየው፣ አርኖልድ ሰይፉ ላይ ሲወድቅ የተናገረ ሰው አልነበረም። ይነሳል ብለን ጠበቅን። ሚስቱና ልጁ ብቅ ብለው አዩት፣ ከተማው ሰዓቱን ቆጥሮ ርችት ተኮሰ፣ እሱ አልተነሳም። ጽሑፉ በስክሪኑ ላይ ወደ ላይ መፍሰስ ሲጀምር ከኋላ አንዱ «አክተሩ እኮ አይሞትም!» ብሎ ጮኸ። አስተርጓሚያችን ዞር ብሎ «ሞቷል» አለው። አላመንም። ባለ ቪዲዮውን «መልሰው፣ መልሰው!» ብለን ጮህንበትና ካሴቱን ወደ ኋላ አጠንጥኖ እንደገና አሳየን። ሁለተኛም ሞተ። ሦስተኛ ጊዜ ስንጠይቀው መብራቱን አበራና ሌላ የመግቢያ ሂሳብ ክፈሉ አለን።